በሁዳዴ የጠጣሁት ወተት

ጠዋት ጠዋት በዚህ ሰፈር የምታልፈው ወተት ሻጭ የጣሳዋ ክዳን ሲንቀጫቀጭ በሰማሁ ቁጥር ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። ቅድም ስስቅ አይተሽ ምን ታይቶሽ ነው ያልሽኝ እሱን ነው። ያ ድምፅ ከተቀመጥሁበት ከጎንደር አንሥቶ ገዳሪፍ ይወስደኛል፤ ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ጋር ያገናኘኛል። ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በአንድ እጃቸው መስቀል በሌላው የወተት ጣሳ ይዘው፣ በገበያው መካከል ሲያልፉ ይታዩኛል። ያውም በሁዳዴ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከባሌ ጋር መተማ አጠገብ ካለው ቀያችን ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሱዳን ተሻግረን፣ አጨዳው ሲያልቅ እንመለሳለን ስንል አገሩ በደርግና በጦርነቱ እየከፋ ሄደና እዚያው ቀረን። የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት ገዳሪፍ ነው። ባሌ ዶካ አጠገብ የአንድ ሱዳናዊ ባለእርሻ ትራክተርና የማሽላ ክምር ይጠብቅ ስለነበር ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። እኔ ከሕፃኑ ጋር ሆሽ ውስጥ እኖር ነበር። ሆሽ የሚሉት በአንድ አጥር የተከበበ ግቢ ነው፤ የእኛው አራት የጭቃ ክፍሎችና መካከሉ ላይ አንድ የሣር ዳስ ነበረው። በበጋ ጥቁሩ መሬት እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ከአጥሩ ጀርባ ግመል እየዞረ የሚያሠራው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንጨቱ ሲያቃስት ይሰማል። ልብሳችንም፣ ፀጉራችንም፣ ልጆቻችንም ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸቱ ነበር። እስከ ዛሬ የሕፃን ጠረን ሲሉኝ በአፍንጫዬ የሚመጣው እሱ ነው።

አንድ ወንድም ነበረኝ። እናታችን ስትሞት ገና አፉን አልፈታም ነበርና በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እኔም ራሴ ልጅ ነበርሁ፤ እንቅልፍ ሲወስደው ይከብደኝ ነበር፤ የጉንጩ ሙቀት ማጅራቴ ላይ ያርፋል። ያን ዓመት በጥር ላይ ከአገር የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ወንድምሽን ከገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፣ ወደ ሰሜን ጫኑት አለኝ። ገና አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ሁዳዴ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና ተሳልሁ። የእኛ ሰዎች በጭቃና በሣር የሠሯት ትንሽ ቤት ነበረች፤ በሣሩ ሽንቁር የሚገባው ብርሃን በምንጣፉ ላይ እንደ ፈሰሰ ስንዴ ይበተናል። ወንድሜን በሕይወት ካቆየህልኝ ጾሙን ሙሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ውኃ አልቀምስም፤ ከጠለቀችም በኋላ ደረቅ ክስራ በጨው እንጂ ሌላ አልበላም አልሁ። ክስራ ሱዳኖች ከማሽላ የሚጋግሩት እንደ ወረቀት የሳሳ እንጀራ ነው። የምታጠቢ አይደለሽ ወይ ብሎ የከለከለኝ አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርሁማ። እውነቱን ከነገርሁሽ አይቀር፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንጀቴ በታጠፈ ቁጥር ወንድሜ አንድ እርምጃ ከጥይት የራቀ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ አንድ ባለሱቅ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። የአገራችን ሰው ነው፤ ሙስሊም። ሚስቱ እኩያዬ ናት። የገበያውን ዓረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ነበረች፤ ስሳሳት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች እንጂ አታርመኝም፤ ኋላ ራሴ ሲገባኝ እኔም እስቃለሁ። በሁዳዴው በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ተገላገለች። በሦስተኛው ቀን ደም ፈሷት ሞተች።

ባለሱቁ በቆርቆሮ የሚሸጠውን የዱቄት ወተት እየበጠበጠ ለሕፃኗ ይሰጣት ጀመር። አልተስማማትም፤ በላይም በታችም ወጣ። ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ጡት የሚሰጣት ሰው ፈልግ ብለው መለሱት። አንድ ከሰዓት ዳሱ ሥር ልጄን እያጠባሁ ቀና ስል ሕፃኗን በሚስቱ መከናነቢያ፣ በነጭ ቶብ ጠቅልሎ ከፊቴ ቆሟል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ልጄን አስቀመጥሁና እጄን ዘረጋሁለት። ሕፃኗ ስትይዘኝ እንደዚያ ትንሽ አፍ እንደዚያ ይጠነክራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለሱቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

አንድ ሳምንት ያህል ሁለቱንም አጠባሁ። ከዚያ ወተቴ እያነሰ ሄደ። ልጄ በአንድ ወገን፣ ልጅቱ በሌላው ወገን ይስቡና ጥለውኝ ይጮኻሉ። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ስነቃ ግማሽ ፊቴ ጭቃ ነው። ልጅቱ እየቀለለች ስትሄድ በእጄ እመዝነዋለሁ። ስለቴን ማፍረስ ግን በሐሳቤም አልመጣም። ይልቁን ምን አሰብሁ መሰለሽ? ልጅቱን መመለስ።

ወደ ቄሱ ሄድሁ። የነፍስ አባቴ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ጎን ባለች ጎጆ ለብቻቸው ይኖራሉ። በሰሌን ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ነጠላ ይጠቅማሉ። ነገሩን ሁሉ ከነስለቱ ነገርኋቸውና ባለሱቁ ሌላ የምታጠባ ሴት እንዲፈልግ እርስዎ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኋቸው።

ለምን ራስሽ አትነግሪውም አሉኝ። አፍራለሁ አልኋቸው።

መርፌያቸውን ነጠላው ላይ ሰኩና «ጽድቅ ከሆነ ምን ያሳፍራል?» አሉ።

ተቆጥቼ ፊቴን ወደ በሩ አዞርሁ።

«ጾሙን ያዘዘን እግዚአብሔር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሕፃኗንም ደጅሽ ያመጣት እሱ ነው። አንዱን ሰምተሽ ሌላውን ካልሰማሽ፣ የታዘዝሽው እሱን ነው ወይስ ራስሽን?»

«ስለቴን ካፈረስሁ ወንድሜ ይሞትብኛል» አልሁ። ቃሉን በአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበርና እንባዬ ቀደመኝ።

መርፌውን ከነጠላው ነቅለው መልሰው ሰኩት። ከሩቅ የዘይት መጭመቂያው እንጨት ይሰማል። «ልጄ፣ ወንድምሽ ይተርፋል ብዬ አልምልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያንቺን ርሃብ እየለካ ሰው የሚያድንና የሚገድል አይደለም። የምትፈሪውን ነው እንጂ የምትወጂውን እንዲህ አትደራደሪውም። ከወደድሽው የሚልሽን አድርጊ። ከስለቱ እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ሂጂና ወተት ጠጪ።»

አልሰማኋቸውም። እንደውም ተቀይሜያቸው ወጣሁ። እኔ ሥጋዬን ሳቃጥል ሽማግሌው ወተት ጠጪ ይሉኛል እያልሁ፣ በመንገድ ብቻዬን እያወራሁ ሄድሁ። ያን ዕለት ማታ ልጅቱን ይዤ ባለሱቁ ደጅ ቆምሁ። ወተቴ አልበቃም፣ ሌላ ሰው ፈልግላት አልሁት። ስለቱን አልነገርሁትም። «ኸይር ነው እህቴ፣ እስካሁንም አላህ ይስጥሽ» ብሎ ተቀበለኝ። ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቅሬታ ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

የሆሹ ግድግዳ ስስ ነው። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ሰማኋት። ጆሮዬን በነጠላ ሸፍኜ ማሽላ ለቀምሁ። ልቅሶዋን በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይወጠራል፤ ያቺ የቀረችው ጥቂት ወተት ለብቻዋ ፈሳ ቀሚሴን ታረጥባለች። ወደ ማታው ልቅሶው እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ አለ። እንደዚያ ጸጥታ የፈራሁት ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ስታስል ሰማሁና ተነፈስሁ።

ሲነጋ ቄሱ መጡ። በሩ ላይ ቀድሞ የደረሰው የጣሳ ክዳን ድምፅ ነበር። ወተት ሻጮቹ በአህያ ላይ ትልልቅ ጣሳ ጭነው ይዞራሉ፤ ወደ እኛ ሰፈር ግን አይዘልቁም። እኒያ ሽማግሌ እስከ ገበያው ዳር ሄደው ከእነሱ ገዝተው፣ የእኛ ሰዎች ሁሉ በሚውሉበት መንገድ ተሸክመውት መጡ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ጥምጥማቸው ተንጋዷል። ዳሱ ሥር ተቀመጡና በክዳኑ ቀድተው ሰጡኝ።

«አባቴ፣ ሰው አየዎት?» አልሁ።

«አየኝ» አሉ። «ጠጪ።»

ጠጣሁ። የሚያስቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ እያለቀስሁ ነው የጠጣሁት፣ ግን ጣፈጠኝ። ለብ ያለ፣ የጭስና የሣር ሽታ ያለው የላም ወተት ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው። ሳልጠየቅ ክዳኑን ለሁለተኛ ጊዜ ስዘረጋ ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ያሹ ጀመር።

ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ባለሱቁ ገባሁ። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ በጨርቅ ጫፍ እየነከረ ከንፈሯን ያረጥብላታል። ልጅቱን ስጠኝ አልሁት። ወተቴ ለምን እንደጠፋና ምን እንደተሳልሁ አሁን ሁሉንም ነገርሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ ልጅቱን በሁለት እጁ አቀበለኝና፣ «በእኛ ዘንድ ያጠባች እናት ናት። ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ናት፤ ልጅሽም ወንድሟ ነው» አለኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ድምፁ እንደዚያ ጠርቶ ሲወጣ አልሰማሁም ነበር።

ባለሱቁ ወተቱን እኔ ላምጣ ቢል ቄሱ እምቢ አሉ። ቆመው ካላዩኝ የምጠጣ አልመሰላቸውም፤ ደግሞም አልተሳሳቱም። በየማለዳው እየተሸከሙ መጡ። ወተቴ በሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ባሌ ከዶካ ሲመጣ አልጋው ላይ ጎን ለጎን የተኙትን ሁለት ሕፃናት አየና «ከሄድሁ ወዲህ መንታ ሆነ እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ቆቡን አውልቆ ልጅቱን ብዙ ጊዜ ሲመለከታት ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ያመጣውን ማሽላ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ባለሱቁ ደጅ አኖረው።

ውጭ ግን ሌላ ወሬ ይናፈስ ነበር። ቄሱ በሁዳዴ ወተት ሲገዙ ታዩ የሚለው ነገር ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ፣ ቄሱ ጾም ገደፉ፣ ቄሱ ሰው ሳይነቃ ወተት ይጠጣሉ ሆነ። ነገሩን የምታራግበው አንዲት ዳቦ ሻጭ ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የቤተ ክርስቲያኗን ሣር እንኳ በጭንቅላቷ ተሸክማ ያመጣች፣ ጾም በመጣ ቁጥር ከሁላችን በላይ የምትከሳ ሴት ናት። እሳቸው ደግሞ የሰው ንስሐ መግለጥ ስለማይፈቀድላቸው ምንም ማለት አይችሉም። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አላወቅሁም ነበር።

ያወቅሁት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በግቢው ኒም ዛፍ ሥር ቆመው መስቀል ሲያሳልሙ ዳቦ ሻጯ ተራዋ ደረሰና ፊቷን አዞረች። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶችም ተከተሏት። ሽማግሌው መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱ። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ በጀርባዬ፣ ሌላዋ በክንዴ ናት።

«ወተቱን የምጠጣው እኔ ነኝ» አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ሁለት ልጅ አጠባለሁ። ይቺ የባለሱቁ ናት፤ እናቷ ሞታባታል። አባታችን ጠጪ ቢሉኝ እምቢ አልኋቸው፤ ልጅቱንም ለአባቷ መለስኋት። ተሸክመው ያመጡልኝ በእኔ ጥፋት ነው።»

ዳቦ ሻጯ ወደ እኔ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ልጅቱን አጠበቅሁ። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የሕፃኗን ፊት አየችው፤ በጣቷ ጉንጯን ነካች።

«በቀን ስንት ጊዜ ትጠጫለሽ?» አለችኝ።

ጠዋት ጠዋት አልኋት።

«ለሁለት ልጅ ጠዋት ብቻ አይበቃም» አለች። ከዚያ ወደ ቄሱ ተመልሳ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች፤ ከመሳለሙም በኋላ ጉልበታቸውን ይዛ ቆየች። እሳቸውም ራሷን ዳበሷት። ከማግስቱ ጀምሮ ጣሳውን የምትሸከመው እሷ ሆነች። ጠዋትና ማታ ትመጣለች፤ ጨርሼ ክዳኑን ገልብጬ ካላሳየኋት አትሄድም። ራሷ ግን አንድም ቀን ጾሟን ሳታጓድል ፋሲካ ደረሰ።

ከዚያ የቀረው ጊዜ በሕይወቴ ካየኋቸው ደጋግ ጊዜያት አንዱ ነበር። ልጅቱ ወፈረች፤ ክንዷ ላይ ቀለበት ቀለበት ወጣላት። ከፋሲካ በኋላ ወዲያው ረመዳን ገባና እኔ በተራዬ ለባለሱቁ ማፍጠሪያ ሾርባ እሠራለት ጀመር። ሁለቱ ልጆች ዳሱ ሥር አብረው ዳዴ አሉ፤ አብረው ቆሙ፤ ተነካክሰው አብረው አለቀሱ። ልጅቱ እኔን «እማ» ትለኛለች፤ ከአባቷ ጋር በሱቁ ስትውል ዓረብኛ ይቀናት ስለነበር አንዱን ነገር በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች። ቄሱ በሦስተኛው ዓመት በክረምት ዐረፉ። መንገዱ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማ ይነቅል ነበር። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ከባሌ ጋር ቃሬዛቸውን ተሸከመ።

ስለ ወንድሜ ግን ምንም አልሰማሁም። አንዳንድ ቀን ያ የድሮው ፍርሃት ይመለስብኝ ነበር፤ ያን ወተት ባልጠጣ ኖሮ የሚል። ሲመጣብኝ ልጅቱን ጠርቼ ፀጉሯን እሠራታለሁ። ቀስ በቀስ ፍርሃቱ ተወኝ። መቼ እንደተወኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን ስጸልይ ለወንድሜ የምለምነው እንደ ድሮው በምትኩ ይህን ልስጥህ እያልሁ እንዳልሆነ ልብ አልሁ። እንዲያው እነግረዋለሁ እንጂ፤ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ፣ አደራህን፣ እለዋለሁ።

ልጅቱ አራት ዓመቷን ስትይዝ ደርግ ወደቀ። የተፈታው ጦር በመተማ በኩል እየተሻገረ ሱዳን ገባ። በጋላባትና በዶካ መንገድ በመኪና ተጭነውም በእግራቸውም ወደ ገዳሪፍ ይመጡ ነበር፤ ትጥቃቸውን ፈትተዋል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ልጅቱን በእጄ ይዤ፣ እንስራ ውኃ ከጎኔ አስቀምጬ መንገድ ዳር ዋልሁ። የሁሉንም ፊት አየሁ። ወንድሜ ከመካከላቸው አልነበረም። ከዚያም ወዲህ አልመጣም፤ የት እንደቀረ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ልጅቱ ማንን ነው የምንፈልገው ብላ ጠየቀችኝ። አጎትሽን፣ የእናትሽን ወንድም አልኋት። ምን እንደሚመስል አልጠየቀችኝም። በኩባያ ውኃ እየቀዳሁ ስሰጣት፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደሚያልፈው ወታደር ሁሉ እየሮጠች «ኻሊ፣ ኻሊ» ትላለች። በዓረብኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው። ተዪ፣ እሱ አይደለም ብላት አልሰማችኝም። ብዙዎቹ ቃሉ አይገባቸውም፤ ውኃውን ጠጥተው አመስግነው ያልፋሉ።

አንዱ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ አንድ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ምን እያለችኝ ነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ነገርሁት። ልጅቱን ቁልቁል አያት፤ ኩባያው በእጇ ውስጥ ይፈስባታል። በደህናው እግሩ ጉልበት በርከክ አለና፣

«አቤት፣ የእህቴ ልጅ» አላት።